የፓውዛ ምሰሶና የመሬት ሽቦ

የስፖርት ሜዳን በሌሊት የሚያበሩት ታላላቅ ፓውዛዎች በረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ላይ ይሰቀላሉ። ኮረንቲው በምሰሶው ውስጥ በሚያልፈው ሽቦ ብቻ እንዲሄድ እንጂ ብረቱን እንዲነካ አይፈለግም። ይሁን እንጂ ሙቀትና ዝናብ እየተፈራረቁ የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ ያደርቁታል፤ ነፋስም ምሰሶውን ባወዛወዘው ቁጥር ሽቦው ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። ልባሱ የተላጠ ዕለት ምሰሶው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። ይህንን ዓይቶ ማወቅ አይቻልም፤ መብራቱም እንደ ወትሮው ይበራል። ኳስ ሊያመጣ የሮጠ ልጅ ምሰሶውን በእጁ ሲደገፍ ግን አደጋው ይገለጣል።

ለዚህ መከላከያ እንዲሆን የታሰበው የመሬት ሽቦ ነው፤ ይኸውም ምሰሶውን በመሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር የሚያገናኝ ነው። ብዙ ሰዎች ዘንጉ ከተቀበረ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዘንጉ የሚጠቅመው መሬቱ ኮረንቲውን ሲቀበለው ነው።

መቀሌን እንመልከት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በአካባቢዋ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። ከቀድሞዎቹ ቤቶቿ ብዙዎቹ የታነጹት በዚሁ ድንጋይ ነው፤ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው ይኸው ነው። ለግንበኛ በረከት የሆነው ድንጋይ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ፈተና ነው። ኮረንቲ በእርጥብ የሸክላ አፈር ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ በደረቅ ዐለት ውስጥ ግን በጭንቅ ነው። የመቀሌ ዝናብ ደግሞ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጥል፣ መሬቱ በቀሩት ብዙ ወራት ደርቆ ይቆያል።

ጉዳቱ በስሌት ይታያል። ምሰሶው ከዘንጉ በቀር ሌላ መከላከያ የለውም፤ የዘንጉና የመሬቱ ተቃውሞም 50 ኦም ነው እንበል። በአገራችን የተለመደውን 220 ቮልት ለ50 ስናካፍል 4.4 አምፔር እናገኛለን። ይህ አንድ ባለ1000 ዋት ፓውዛ ከሚወስደው ኮረንቲ ጋር ይቀራረባል። ባለ16 አምፔር ፊውዝ በዚህ መጠን አይቃጠልም፤ እንደ አንድ ተጨማሪ መብራት ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ስለሆነም ምሰሶው ኮረንቲ እንደያዘ ያድራል። በአንጻሩ ከአንድ አምፔር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ኮረንቲ የሰውን ልብ ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ለዘንጉ ብቻ መታመን አይገባም። ከምሰሶው እስከ ማከፋፈያው ሳጥን ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር አብሮ የሚሄድ አረንጓዴና ቢጫ የመከላከያ ሽቦ ይዘረጋል። በሳጥኑም ውስጥ የሚሾልከውን ኮረንቲ ለይቶ የሚያቋርጥ መሣሪያ ይገባል። ይህ መሣሪያ የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያመዛዝናል። በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራው ዓይነት፣ ልዩነቱ 0.03 አምፔር ሲደርስ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ፊውዙ የናቀው 4.4 አምፔር ለእርሱ እጅግ ብዙ ነው።

ዘንጉ ግን አይቀርም፤ መብረቅ ምሰሶውን በመታው ጊዜ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚበተነው በእርሱ ነውና። ዐለቱ አንድ ረጅም ዘንግ አላስገባ ሲል፣ በምሰሶዎቹ መካከል ቦይ ተቆፍሮ የመዳብ ሽቦ ይቀበራል፤ ከመሠረቱ ብረትም ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ሠራተኞች በጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው ይጨምራሉ። ጨው ለጊዜው ይረዳል፤ ሆኖም ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል፤ ብረትንም ይበላል።

የመሬቱ ተቃውሞ በነሐሴ ቢለካ፣ አፈሩ ውኃ ጠግቦ ስለሚገኝ፣ ውጤቱ አሳሳች ይሆናል። ትክክለኛው የመለኪያ ጊዜ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የሚታይበት ግንቦት ነው።