የቲምን ማሳደግ፦ ውለታ ወይስ አማና? በሰው ቤት በሚያድጉ ልጆች ላይ ስለሚደርስ በደልና ስብራት

መግቢያ

በአማርኛ ሥርዓት የጎደለውን ሰው ለመንቀፍ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ሐረጉ ሲፈታ በደሉን የፈጸመው አሳዳጊው ነው፤ ስድቡን የሚሸከመው ግን ያደገው ልጅ ነው። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ተጎድቶ ሲታይም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይሆናል። ጥያቄውና ተግሣጹ ለልጁ ይቀርባል፤ አሳዳጊው «እርሱ ባያነሣው የት ይወድቅ ነበር» በሚል ምስጋና ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ በኢስላም ሕግ የቲምን ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ተግባር ቢሆንም አሳዳጊውን ከጥያቄ ነጻ የሚያወጣ ውለታ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ምስክር የሚጠራበትና ሒሳብ የሚጠየቅበት አማና መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል።

ልማዱና ስሞቹ

በሀገራችን ወላጅ ያጣን ልጅ ማንሣት ሃይማኖት ሳይለይ የኖረ ልማድ ነው። «ጉዲፈቻ» ከኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት ወደ ሀገሪቱ ሕግ የገባ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «ማደጎ» የሚለው ቃል የተለመደ ነው። ከዚህ ሌላ በጣት ላይ ማር ቀብቶ በማጥባት የሚመሠረት «የጡት ልጅ» የሚባል የቆየ ዝምድና አለ።

በቀየትና በዙሪያው ባሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋዎች፣ ከግርጌያቸው ባለው ቆላ ከሚኖሩት ሙስሊሞች ጭምር፣ ልጅ የሚነሣው በአመዛኙ ያለ ወረቀት ነው። አያት፣ አጎት ወይም አክስት ይወስደዋል፤ ልጁም በግ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ሲቻል ትምህርት ቤት ይሄዳል። የ1977ቱ ረኃብ በሰሜን ሸዋና በወሎ ብዙ ልጆችን ወላጅ አልባ አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ቤተሰቦችን በትኗል። በእነዚህ ጊዜያት የብዙ ልጆች ሕይወት የተረፈው በዘመድና በጎረቤት ቤት ነው። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ልጁን የተቀበለው በር ከኋላው ሲዘጋ፣ ከውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል?

ያልተጠየቀ ቤት

ይህ ጥያቄ የድሆች መንደር ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ የሐና ዊሊያምስ ታሪክ ያሳያል። ሐና እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ተወስዳ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሴድሮ ዉሊ በምትባል ከተማ ትኖር የነበረች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2011 ሌሊት፣ ዕድሜዋ 13 ዓመት ገደማ ሳለ፣ በቤቱ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች። በምግብ እጦትም ሰውነቷ ተጎድቶ ነበር። ምግብ መከልከል፣ ድብደባ፣ ከደጅ ማሳደርና በጠባብ ቁም ሣጥን መቆለፍ በቤቱ ውስጥ የቅጣት ስም ተሰጥቷቸው እንደነበር በችሎት ተሰማ። አሳዳጊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኞች ተብለው እናቲቱ 37፣ አባቱ 28 ዓመት ገደማ ተፈረደባቸው።

ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ፣ ልጆቹም በቤት ውስጥ የሚማሩ ነበሩ። ስለዚህ ሐናን ዘወትር የሚያይ የውጭ ዓይን አልነበረም። የአሳዳጊ ሃይማኖተኛነት ብቻውን ለልጅ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህ ደግሞ ለየትኛውም እምነት ተከታይ፣ ለእኛም ጭምር፣ የሚሠራ ትምህርት ነው።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርታለች። በዚህ ውሳኔ ልጆች ከሀገር መውጣታቸው ቆሟል፤ በሀገር ውስጥ የሚነሡትን ልጆች የመጠበቁ ኃላፊነት ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ተመልሷል።

ኢስላም ያስቀመጠው ሥርዓት

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት፣ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው፣ አያታቸው በስምንት ዓመታቸው ሞተውባቸው በአጎታቸው በአቡ ጣሊብ ቤት አድገዋል። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ተናግረዋል። በሙስሊም ዘገባ መሠረት ይህ ምንዳ የቲሙ ዘመድ ለሆነም ላልሆነም አሳዳጊ የተገባ ነው። ይህን ሐዲስ በየመስጊዱ እንሰማለን። ከሐዲሱ ጎን የቆመውን ሕግ ግን እምብዛም አንሰማም።

አንደኛው ሕግ የልጁ ማንነት እንዳይፋቅ ያዛል። ዘይድ ኢብን ሓሪሣ የሙሐመድ ልጅ እየተባለ ይጠራ ነበር፤ በሱረቱ አል-አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች ግን የማደጎ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ፣ አባታቸው ካልታወቀም የሃይማኖት ወንድሞች ተደርገው እንዲያዙ ታዘዘ። አንዳንዶች ይህን እንደ ፍቅር ክልከላ ይረዱታል። ነገር ግን ዘይድ ከአንቀጹ በኋላም በነቢዩ ዘንድ ተወዳጅ ነበር። የተከለከለው ፍቅሩ ሳይሆን የልጁን የትውልድ ሐረግ መውሰድ ነው። ወላጁን ያጣ ልጅ ስሙንም ሲያጣ ሐዘኑ እጥፍ እንደሚሆን ለሚያስተውል፣ የትእዛዙ ርኅራኄ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የገላ ክብርን ይመለከታል። በሸሪዓ የጡት ዝምድና የሚጸናው ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በእርግጥ ከጠባ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብም አምስት ጊዜ መጥባት ይጠየቃል። በማር የሚመሠረተው የጡት ልጅነት ይህን አያሟላም። ስለሆነም ባዕድ የሆነች የማደጎ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከቤቱ ወንዶች ጋር ያላት ግንኙነት በማሕረምነት አይታይም፤ የተለየ መኝታና ከብቻ ለብቻ መገናኘት መጠበቅ ይገባታል። ይህ ሥርዓት እርሷን በጥርጣሬ ለማየት የተደነገገ አይደለም። በገዛ ቤቷ እንዳትደፈር የሚከልል አጥር ነው፤ አጥሩን የማቆም ግዴታም የአዋቂዎቹ ነው።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ሀብታም አሳዳጊ ከየቲም ገንዘብ እንዲታቀብ፣ ድኻው በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ ገንዘቡ ሲመለስም ምስክር እንዲቆም ያዛል። የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በወሎ የፊቅህ ትምህርት ቤቶች ሲቀራ የኖረ ኪታብ ነው። በዚህ ኪታብ፣ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የሚያነሣ ሰው በሚበልጠው አቋም መሠረት ምስክር የማቆም ግዴታ አለበት፤ አንሺው ፋሲቅ ከሆነም ሕፃኑ ይወሰድበታል። እንግዲህ ለገንዘቡ ምስክር የሚያስፈልገው የቲም፣ ለገላውና ለልቡ ምስክር እንደሚያስፈልገው በቅድሚያ ቂያስ ግልጽ ነው። «የቤቴን ጉዳይ ማንም አይጠይቀኝ» የሚል አሳዳጊ ከፊቅህ ድጋፍ የለውም።

አነስ ኢብን ማሊክ በአሥር ዓመቱ ገደማ እናቱ ኡሙ ሱለይም ነቢዩን እንዲያገለግል ሰጠችው። አሥር ዓመት አገልግሎ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የምሬት ቃል እንዳልሰማ፣ ለሠራውም ላልሠራውም ለምን ተብሎ እንዳልተወቀሰ መስክሯል። እዚህ ላይ መስካሪው ማን እንደሆነ እናስተውል። ስለ ቤቱ ደግነት የተናገረው በቤቱ ያገለገለው ልጅ ነው። የአሳዳጊ ሚዛን ያሳደገው ልጅ ቃል ነው።

ስብራቱ እንዴት ይታያል?

በደል የደረሰበት ልጅ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ቢናገር መጠጊያውን የሚያጣ ይመስለዋልና። ስብራቱ ግን በጠባዩ ይወጣል። ካደገ በኋላ እንደገና አልጋ ያረጥባል፤ እንጀራ ይደብቃል፤ እጅ ሲነሣ ይሸማቀቃል፤ ሌሊት ይቃዣል፤ ቁርኣን ይሐፍዝ የነበረው በድንገት ፊደል ይጠፋበታል። አንዳንዱ ይቆጣል፣ ይደባደባል። ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ታዛዥ ይሆናል፤ ይህንኛው «ጨዋ» ተብሎ ስለሚመሰገን ማንም አይደርስለትም።

እነዚህ ምልክቶች ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ስለሚችል ብቻቸውን በደልን አያረጋግጡም። ነገር ግን ቀርቦ ለመጠየቅ በቂ ናቸው። ሌባ፣ ውለታ ቢስ ወይም ጂን የያዘው ብሎ መደምደም በደሉን ይሸፍናል፤ በዚህ ላይ ዱላ ሲጨመር ፍርሃቱ ይጠነክራል። የልጁ አእምሮ አደጋን መጠባበቅ ተምሯል። ይህን የሚያስረሳው ያልተቋረጠ ደኅንነት ነው፦ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ፣ የማይለዋወጥ ቃል፣ የሚያዳምጥ አንድ አዋቂ።

የሀገሪቱ ሕግና የእኛ ድርሻ

የሀገሪቱ ሕግ በዚህ ጉዳይ ከፊቅሁ መንፈስ ጋር ይገናኛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዛል። በመርሕ ደረጃ ጉዲፈቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን አንቀጽ 195 አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ካኖረው ፍርድ ቤት ሊሽረው እንደሚችል ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576ም ልጅን የሚያሠቃይ አሳዳጊን ይቀጣል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ተከራካሪዎች ሲስማሙ የሕፃናት ሞግዚትነትን ጉዳይ ያያሉ።

ችግሩ በዘመድ ቤት ያለ ወረቀት የሚያድገው ልጅ ከእነዚህ ደጆች አለመድረሱ ነው። በእርሱና በዳኛው መካከል ያለው ሰው የመስጊዱ ኢማም፣ የመድረሳው ኡስታዝ፣ የዕድሩ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ልጅ ሲነሣ ሁለት ምስክር ቢቆም፣ የወላጆቹ ስምና የተወለት ንብረት ቢጻፍ፣ ከአሳዳጊው ወገን ያልሆነ አንድ ሰው በየጊዜው ልጁን ለብቻው ቢያነጋግረው፣ ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኪታቡ ያስተማረንን መፈጸም ነው። ድብደባ ወይም መደፈር ሲታወቅ ግን ጉዳዩ በሽምግልና የሚሸፈን አይደለም፤ ልጁ ወደ ጤና ተቋም፣ ነገሩም ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። የቤቱን ስም ለመጠበቅ ሲባል ልጁን ወደዚያው ቤት የሚመልስ ሽማግሌ ከበደሉ ይካፈላል።

ማጠቃለያ

ነቢዩ ሁላችንም እረኞች እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። በደጋው በግ የሚጠብቀው የቲም ማታ ሲመለስ አንድ በግ ቢጎድል ይጠየቃል፤ እርሱ ራሱ ሲጎድል ግን የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። የአሳዳጊው ምንዳ የሚጠበቀው ይህ ጥያቄ ሲኖር ነው። አሳዳጊ የበደለው ልጅ ስድብ አይገባውም፤ የሚገባው ሐቁን የሚያስመልስለት ምስክር ነው። ወላሁ አዕለም።