«ሲ» ሲጠረግ የቤተሰቡ ፋይል የት ይደር?

ለመሆኑ የቤታችሁ ኮምፒውተር ዛሬ ማታ አልነሳ ቢል፣ ነገ ጠዋት ለጠጋኙ የምታስረክቡት ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የቤተሰቡን ማኅደር ጭምር? በቁስቋምም ሆነ በሽሮ ሜዳ፣ ከጥገና ቤት የሚሰማው መልስ የተለመደ ነው፤ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት መደረግ አለበት» ይባላል። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ወይም ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሲገባ እዚህ መድረስ አስቸጋሪ አይደለም። ማይክሮሶፍትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ሳለ አዲስ ዊንዶውስ የሚያስጭነውም ብዙ ነው።

ፎርማት ማድረግ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ዊንዶውስ ዛሬ ቢጠፋ ነገ ይጫናል። የማይተካው የኒካሕ ፎቶግራፍ ነው፤ በሞት የተለዩን አያት ድምፅ፣ ልጅ ቁርኣን ሲያሰማ የተቀረፀው፣ ለመመረቂያ የተደከመበት ጽሑፍ ነው። ችግሩ ሁለቱ፣ የሚተካውና የማይተካው፣ በአንድ ክፍል ማደራቸው ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፋይል ፊት ለፊት ስለሚታይ ብዙ ሰው ለብቻው የተቀመጠ ይመስለዋል። ዴስክቶፕም፣ ዶክመንትስም፣ ፒክቸርስም ካልተዛወሩ በቀር ከዊንዶውስ ጋር «ሲ» ውስጥ ናቸው፤ «ሲ» ሲጠረግ አብረው ይጠረጋሉ። መለያየቱ አዲስ ብልሃት አይደለም። በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም የተጠቃሚውን ፋይል «ሆም» በሚባል የራሱ ክፍል ማሳደር የቆየ ልማድ ነው።

እኛስ ቤት? በመጀመሪያ ያለውን ሁሉ በውጭ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ገብቶ «ሽሪንክ ቮልዩም» በሚለው «ሲ»ን ማሳነስና የተረፈውን ቦታ «ዲ» ብሎ ማዘጋጀት ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ እኔ ግን ዲስኩ ከበቃ ለ«ሲ» 150 ያህል ብትተዉለት እመርጣለሁ። ቀጥሎ ዶክመንትስ ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ» እያሉ ወደ «ዲ» ማዛወር ይቻላል። ለፒክቸርስና ለዴስክቶፕም እንዲሁ ነው። ለጠጋኙም «ሲን ብቻ» ብላችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ክፍሎቹን በሙሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ቢጀምር «ዲ»ም አይተርፍም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተከሉ ይሠሩ ነበር፤ በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ዛሬም በየቤቱና በየቢሮው ሞልቷል። የፊደሉ ቅርጽ የሚቀመጠው ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር «ሲ» ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰነዱ «ዲ» ላይ በሰላም አድሮ፣ ዊንዶውስ በአዲስ ተጭኖ ሲከፈት፣ የአባት የኑዛዜ ረቂቅ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ብቅ ይላል። አልጠፋም፤ ፊደሉ ተመልሶ ሲጫን ይነበባል። እንግዲህ የመጻፊያውን መጫኛ «ዲ» ላይ አብሮ ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናውንም ሰነድ በፒዲኤፍ ጭምር መያዝ ይበጃል።

ነገር ግን «ዲ» መጠባበቂያ አይደለም! ይህን ስል የሚከፋው አለ፤ ሆኖም «ሲ»ና «ዲ» በአንድ ሐርድ ዲስክ ላይ የተሠመሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲሰረቅ ሁለቱም ይሰረቃሉ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ያጠቃው «ዋናክራይ» ፋይል ሲቆልፍ «ይህ ሲ ነው፣ ይህ ዲ ነው» አላለም፤ የተሰካውንም የውጭ ዲስክ አልማረም። የመለየቱ ጥቅም መገልበጡን ማቅለሉ ነው። ምን ቀረ፣ ምን ተረሳ ሳይባል «ዲ» በሙሉ በየሳምንቱ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣል፤ እንዳለቀም ዲስኩ ይነቀላል።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል።

በስልክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንድሮይድ ሲሠራ ጀምሮ የራሱን ክፍል ከባለቤቱ ክፍል ለይቶ ነው፤ ሲታደስም ፎቶውን አይነካም። «ፋክተሪ ሪሴት» ሲደረግ ግን የሚጠረገው የባለቤቱ ክፍል ነው፤ የስልኩ ይቀራል። ስለዚህ ስልካችሁን «ሪሴት ላድርገው» የሚል ጠጋኝ ሲያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ ፎቶውን ገልብጡ።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ «ቢትሎከር» የሚባለው ቁልፍ ሳይታወቅ በርቶ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ «ዲ» ቢተርፍም ባለ 48 አሃዝ ቁጥሩን ይጠይቃል። ቁጥሩን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም።