የባሮ ታላቁ ዓሣ

ገባና ብርብር ተገናኝተው የሚወልዱት የባሮ ወንዝ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ፥ የጋምቤላን ከተማ አቋርጦ ወደ ሶባትና ወደ ነጭ ዓባይ ይጓዛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡናችንን ይጭኑ የነበረው በዚሁ ወንዝ፥ ያውም በክረምት ብቻ ነበር። መርከቦቹ ቀርተዋል፤ በጥልቁ የሚኖረው የናይል ፐርች የሚባለው ዓሣ ግን ዛሬም አለ።

ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር፥ ክብደቱም እስከ 200 ኪሎ ይደርሳል። የጥንት ግብፃውያን በእስና ከተማ እንደ ቅዱስ ፍጥረት ቆጥረው ሬሳውን አድርቀው ይቀብሩት ነበር። ለእኛ ለክርስቲያኖች ግን የሚበቃን ክንፍና ቅርፊት ያለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ የሚጸየፍ ቤተ ሰብ እንኳ ይህን ሊጠራጠር አይገባውም። በጣና አይገኝም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶበታልና።

ኦክሲጅን የበዛበትን ውሃ ስለሚሻ በረግረግ አይሰነብትም። ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ ኋላ ተሸሽጎ ወራጁ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ግልገሉ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን ይመገባል፤ ሲያድግ ዋና ቀለቡ ዓሣ ነው፥ የራሱን ወገን ልጆች እንኳ አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተወስዶ ከተለቀቀ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ የሐይቁ ዓሣ ዓይነቶች ጠፍተዋል ወይም ተመናምነዋል። በባሮ ግን እንግዳ ሳይሆን ባለ ርስት ነው።

አኙዋና ኑዌር ወንድሞቻችን ከጥንት ጀምሮ በጦር፥ በመረብና በመንጠቆ ያጠምዳሉ። በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተሻለ ጊዜ ነው። ገመዱ ጠንካራ ይሁን፤ ዓሣው ሲያዝ ከውሃው ዘሎ ራሱን ያወናጭፋል፥ ገመዱ ላላ ካለም መንጠቆውን ተፍቶ ይሄዳል። አጥማጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ አይቁም። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ወጣት በጋምቤላ አጠገብ በባሮ በአዞ ተበልቷል።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ወንዱ አነስ ብሎ ስለሚቀር፥ ሰው ታቅፎ ፎቶግራፍ የሚነሣው ያ ግዙፍ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት፤ እርሷም በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ለማዕድ የሚሆነውን ከመካከለኞቹ መውሰድ ይበቃል ብለን እናምናለን። ትልቋን መመለስ የፈለገ ሰው መንጠቆውን ፈጥኖ ያውልቅ፤ ከታንኳ ሆኖም ሆዷን ደግፎ፥ ፊቷን ወደ ወራጁ አዙሮ፥ ውሃው በስንጥቧ አልፎ ጅራቷን ራሷ እስክትመታ ድረስ ይያዛት።