ግንበኛው፣ በያጁና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ

ቃሊቲ ውስጥ አዲስ ቤት በሚጀመርበት ቦታ ጠዋት የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተወጠረ ሲባጎ ነው። ግንበኛው ሁለት ክር ያሻግራል። ከተሻገሩበት ነጥብ ተነስቶ በአንደኛው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ሜትሩን ከምልክት ምልክት ይዘረጋል። ልክ 1 ሜትር ካልመጣለት አንዱን ክር ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ያስጠጋል። «እስኳድራው ወጣ» ካለ ጥጉ ተስተካክሏል፤ ቁፋሮ መጀመር ይቻላል። ይህን የተማረው ከአለቃው ነው፤ አለቃውም ከሌላ አለቃ። ከዚያው ቦታ ብዙም ሳይርቅ ባለ ትምህርት ቤት ደግሞ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የፓይታጎረስን ቲዎረም ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፤ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ግንበኛውና ተማሪው አንድ ነገር ነው የያዙት። ተገናኝተው ግን አያውቁም።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማገናኘት ከትምህርት ቤት ግንባታ የተሻለ አጋጣሚ የለም። አንድ መማሪያ ክፍል በሚሠራበት ግቢ ሒሳብ አለ፤ ፊዚክስ አለ፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አሉ። ጂኦግራፊው መሠረቱ ሥር ነው፤ የዜግነት ትምህርቱ ጨረታው ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ግን ክፍሉ ለተቋራጭ ይሰጣል፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ይታጠራል፣ ሲያልቅ ሪባን ይቆረጣል። ልጆቹ ሲገቡ ቀለሙ ደርቋል። በዕድሜያቸው ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ትልቁ ቤተ ሙከራ ከአጥሩ ጀርባ ተሠርቶ አልቋል፤ ማንም ኑና እዩ አላላቸውም።

በዚህ ጉዳይ አቃቂ ቃሊቲ ሰበብ የለውም። መሥራት የሚችል እጅ በብዛት ከሚገኝባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች አንዱ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው አሮጌው ባቡር ዋናው ጣቢያ ሳይደርስ አቃቂ ላይ ይቆም ነበር፤ ከሐዲዱና ከመንገዱ ጋር ፋብሪካዎች መጡ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ ከአንድ ትውልድ በላይ ሠራተኛ አሰልጥነዋል፣ ቤተሰብ አሳድገዋል። ከደቡብ በኩል ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚቆፈረው ቀይ አሽ በገልባጭ መኪና እየመጣ በየብሎኬት ማምረቻው ይራገፋል። ቂሊንጦ ላይ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸርና ሲቪል ምህንድስና ያስተምራል። እንግዲህ በአካባቢው አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች የስንቱ አባት በያጅ፣ የስንቱ አጎት ፌሮ ሠሪ፣ የስንቱ እናት ብሎኬት የምታመርት እንደሆነች መገመት አይከብድም። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ሰዎች የሚያስታውሳቸው ለወላጅ ስብሰባ ሲጠራቸውና መዋጮ ሲጠይቃቸው ነው። እኔን እጅግ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ብረት ሲበይድ ያካበተው ዕውቀት እንደ ዕውቀት አይቆጠርለትም፤ ከእሱ የሚፈለገው መቶ ብር ብቻ ነው።

ግንባታን ከትምህርት ማገናኘት በአገራችን አልተሞከረም እንዳይባል፣ ልደታ ላይ ህንፃ ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ይህ ተቋም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በሰፊው የሚጠራው ግን አሁንም በድሮ ስሙ ነው። የስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታም ተሻግሮ ነበር። ገንዘቡ ከስዊድን መንግሥት ብቻ አልመጣም፤ የየአካባቢው ሕዝብም ከኪሱና ከጉልበቱ አዋጥቷል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ክፍሎች ውስጥ የተማረ ሰው በየከተማው አለ።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በዚያው በህንፃ ኮሌጅ ግቢ የቆመው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ነው። ሱዱ ይባላል። ኢንስቲትዩቱ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሠራው ነው፤ ኢንስቲትዩቱን በጊዜው በሳይንሳዊ ዳይሬክተርነት የመራው አርክቴክት ዲርክ ሄበል ነበር። ለመመለስ የተነሱት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በሲሚንቶና በውጭ ብረት ላይ ሳንንጠለጠል፣ እግራችን ሥር ባለው አፈር ፎቅ መሥራት እንችላለን?

ምድር ቤቱን በተጠቀጠቀ አፈር አቆሙት። በሁለት ሳንቃዎች መካከል እርጥበቱ የተመጠነ አፈር ይፈስሳል፣ በመጠቅጠቂያ ይመታል፣ ሌላ ንጣፍ ይጨመርበታል፤ ሳንቃው ሲነሳ ንጣፎቹ በግድግዳው ላይ እንደ መስመር ይታያሉ። ትንግርቱ ያለው በምድር ቤቱና በፎቁ መካከል ያለው ወለል ላይ ነው። እኛ የለመድነው ፌሮ ዘርግቶ አርማታ መሙላት ነው። እነሱ ግን ከታመቀ አፈር የተሠሩ ስስ ጡቦችን ቀስተው ከግድግዳ ግድግዳ አሻገሩ። የመጀመሪያው ድርብ የሚያያዘው በጄሶ ነው። ጄሶ ቶሎ ይይዛልና ሠራተኛው ጡቡን አስጠግቶ ለጥቂት ሰከንድ በእጁ ይደግፈዋል፤ እጁን ሲለቅ ጡቡ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ቀጣዩ ይጠጋዋል። ከላዩ ሁለተኛው ድርብ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይገጣጠሙ ተደርጎ በሲሚንቶ ሞርታር ይነጠፋል። ቅስቱ ውስጥ ፌሮ የለም። ክብደቱን የሚሸከመው ቅርጹ ነው፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ መታመቅ ይቀየርና በቅስቱ ጎን ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ስልቱ በሜዲትራኒያን አካባቢ ለዘመናት የኖረ ነው፤ አዲሱ ነገር በአዲስ አበባ አፈር መሠራቱ ነው።

እዚያ ሥራ ላይ የአርክቴክቸር ተማሪው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። የቅስቱን ግፊት የሚያሰላ የመዋቅር ባለሙያ ያስፈልገዋል። የአፈሩን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ጄሶው በስንት ሰከንድ እንደሚይዝ በጣቱ የሚያውቅ ግንበኛ ያስፈልገዋል። ከዙሪክ የመጡትና የአዲስ አበባዎቹ ተማሪዎች ከአገር ውስጥ ሠራተኞች ጋር አብረው ሠርተውታል። ሙከራው ከግቢው ወጥቶ የከተማችንን አሠራር አለመለወጡ ያሳዝናል። በእኔ አስተያየት አንዱ ምክንያት ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ መቅረቱ ነው፤ ቤት የሚያሠራው ሕዝብ ልጆቹን የሚልክበት ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያየው ነበር።

የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ያደረገው ይህን ነበር። በርሊን ተማሪ ሳለ ለተወለደበት መንደር ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ብሎኬቱ ከአካባቢው ሸክላ አፈርና ከትንሽ ሲሚንቶ ነው፤ የሠራውም የመንደሩ ሰው ነው። የአቃቂ በያጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ጣሪያውን ነው። ኬሬ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ አርቆ ከፍ አደረገው፤ ሙቁ አየር በመሐል ይወጣል። ቆርቆሮውን የተሸከመው ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ብረት አይደለም፤ ተራ ፌሮ ተቆርጦ፣ በአነስተኛ መበየጃ እዚያው መንደሩ ውስጥ ተበይዶ የተሠራ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ቃሊቲ ውስጥ ለዚያ ዓይነት ጣሪያ የሚሆን ሙያ በየመንገዱ ዳር አለ። ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ማስተማር አቁሞ እስኪያባራ የሚጠብቅበት ጣሪያ ግን ዛሬም እየተሠራ ነው።

የአቃቂ ዋናው መምህር አፈሩ ነው። ሜዳው አብዛኛው ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ኮትቻ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ላይ በጥንቃቄ ያልተመሠረተ ቀላል ቤት ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ያየው የኮትቻን ሥራ ነው። ልስን ይለሰንበታል፣ ቀለም ይቀባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

ይህን ለልጆች ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያሻም። ባዶ የማርመላታ ብልቃጥ ውስጥ አፈርና ውሃ ጨምሮ በደንብ መበጥበጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ይከተላል፣ ሸክላው ውሃውን አደፍርሶ ሰዓታት ይቆያል። የእያንዳንዱን ንጣፍ ውፍረት በማስመሪያ መለካት የ6ኛ ክፍል ልጅም ይችላል። ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ ይበልጣል። አናጢ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን ይሠራል። እርጥብ አፈር ይጠቀጠቅበታል፤ ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ሲደርቅ አፈሩን ወደ አንድ ጫፍ ገፍቶ የተፈጠረውን ክፍተት መለካት ነው። ክፍተቱ 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አፈሩ 10 በመቶ ጠቧል ማለት ነው። አንዱን ሣጥን በኮትቻ፣ ሌላውን ከቀይ አሽ ጋር በተደባለቀ አፈር፣ ሦስተኛውን ጭድ በገባበት ጭቃ የሞላ ክፍል መቶኛ ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይረሳም። ግንባታው ቦታ ላይ ጥቁሩ አፈር ለምን ተዝቆ እንደሚጣልና በምትኩ ለምን ሌላ እንደሚሞላም ይገባዋል፤ መዛቁ ስንት ብር እንደሚያወጣ ደግሞ ራሱ ያሰላዋል።

ትምህርቶቹ ተለያይተው ሲቀሩ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከ2011 ዓ.ም. አንስቶ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን፤ ትምህርት ቤቶችም ይተክላሉ፤ ደግ ነው። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ዛፍ ግን ኮትቻ ላይ ከግድግዳ ተጠግቶ ከተተከለ፣ ሥሩ በመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጥጣል፤ አፈሩ በአንድ ወገን ይጠባል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የባዮሎጂ መምህሯ ስለ ሥር ታውቃለች፣ መሐንዲሱ ስለ መሠረት ያውቃል፤ ችግኙን የተከለው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሁለቱንም አልጠየቀም። ሦስቱ አንድ ቀን አብረው ግቢውን ቢዞሩ ኖሮ ጉድጓዱ ራቅ ብሎ ይቆፈር ነበር።

ልጆቻችንን ሲሚንቶ ይሸከሙ እያልኩ አይደለም። ባሬላውና ጄሶው፣ መወጣጫውና መበየጃው የባለሙያ ናቸው፤ ተማሪ ብየዳውን በመከላከያ መስታወት ከሩቅ ያያል እንጂ አይጠጋም። በታሪካችንም ጉልበትና ትምህርት የተደባለቁበት ከባድ ጊዜ አለ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠርተዋል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በኩራት ያነሱታል። ይሁን እንጂ የሄዱት ፈቅደው ብቻ አልነበረም፤ የተጎዱና ያልተመለሱም አሉ። ደቦ የሚያምረው ሰው ወዶ ሲመጣበት ነው። ከተማሪ የምንፈልገው መለካት፣ መሞከር፣ መጠየቅና መጻፍ ነው። አማርኛ መምህሩ ልጆቹን ወደ ሽማግሌዎች ልኮ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ያስጽፋል፤ አፋን ኦሮሞ የሚማሩት በዚያው ቋንቋ ይጠይቃሉ። ዜግነት የሚያስተምረው የጨረታ ሰነድ አምጥቶ ያስነብባል። በያጁ ደግሞ ክፍል ይጋበዛል፤ ልጆቹ «ጋሼ» እያሉ ይጠይቁታል፤ እሱም ፌሮ ሲጎብጥ የት እንደሚደክም ያሳያቸዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ትልቁ እንቅፋት የቀን መቁጠሪያችን ነው። የትምህርት ቤት እድሳት የሚካሄደው በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ልጆቹ በሌሉበት፣ ኮትቻው ጭቃ በሆነበት፣ ለመስከረም ለማድረስ በሚሮጥበት ወቅት። ለአፈሩም ለትምህርቱም ከዚህ የከፋ ጊዜ መምረጥ አይቻልም። የወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ክፍል ለማሠራት ሲወስን ሥራው ጥቅምት ላይ በአፈር ናሙና ቢጀምር፣ እስከ ታኅሣሥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ንድፉን ከ8ኛ ክፍሎች ጋር ቢጨርሱ፣ ቁፋሮው ጥር ላይ መሬቱ ደርቆ ሳለ ቢያዝ፣ ግድግዳው በመጋቢትና በሚያዝያ ልጆቹ እያዩት ከፍ ቢል ይበቃል። ጣሪያው ግን ሰኔ ሳያልቅ ተመትቶ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ አቃቂ ላይ ጭቃው መኪና አያስገባም።