ዋልያ ከነግልገሏ፦ ከባቲ ፍየል ተራ እስከ ስሜን ገደል

ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ወጥተው ያውቃሉ? ከቆላው አፋሩ፣ ከዙሪያው ኦሮሞውና አርጎባው፣ ከደጋው ደግሞ አማራው ያለውን ይዞ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነው። ወደ ፍየል ተራው ጎራ ቢሉ እናቶች የፍየሏን ጥርስ ገልጠው፣ ጡቷን ዳስሰው፣ የግልገሏን ወገብ በእጃቸው ለክተው ሲገምቱ ያያሉ። የባቲ ፍየል ቆዳ በውጭው ዓለም ገበያ ሳይቀር በባቲ ስም የሚጠራ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ከዕለታት አንድ ሰኞ በዚሁ ተራ ላይ የብሔራዊ ቡድናችንን ማልያ የለበሰ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ እናቱን፣ «እማ፣ ዋልያ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ። እናቱም ለሽያጭ ያመጣቻቸውን ፍየሎች እያየች፣ «የዱር ፍየል ነው ይላሉ፤ እኔስ መች አየሁት!» አለችው።

መልሷ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የቤት ፍየልን ጠባይ ጠንቅቃ የምታውቅ እናት ዋልያን አለማየቷ ከነከነኝ። ብታየው ከማናችንም በላይ ትረዳው ነበርና። ስለዚህ ዛሬ ያየሁትን ለእርሷና ለእርስዎ ላካፍል ወደድሁ።

ዋልያ ከአገራችን በቀር በየትም አይገኝም፤ በአገራችንም ቢሆን መኖሪያው የስሜን ተራሮች ብቻ ናቸው። የቅርብ ዘመዶቹ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች፣ እንዲሁም በግብፅና በዐረብ አገር በረሃማ ተራሮች ይኖራሉ። የእኛው ግን ብርዱን ለምዶ በደጋው ገደል ቀርቷል።

ወደ ስሜን የሄድሁት በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነበር። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ፣ ከዚያም በወልድያ በኩል ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ወደ ደባርቅ ይደረሳል። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ዋልያ በቀላሉ የሚታይበት ጨነቅ የተባለው ስፍራ 3,600 ሜትር ያህል ይደርሳል። ለቆላ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር ከፍታ ነው።

ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ ከፓርኩ ጥበቃ ጋር ወጣን። ጅብራው በየሜዳው እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይንጫጫሉ። ፀሐይ ገደሉ ላይ ስታርፍ ጥበቃው በጣቱ ጠቆመን። አስቀድሞ የታየን አውራው ነበር። ቀንዱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ የደረሰ፣ ጺሙ እንደ ወጠጤ የተንዠረገገ፣ ጠጉሩ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ውበቱ ያስደንቃል።

እኔን የያዘችኝ ግን ከበታቹ የነበረችው እናት ናት። ቀንዷ አጭርና ቀጭን ነው። እግር የሚያሳርፍ በማይመስል የገደል ጠርዝ ላይ ቀድማ ትራመዳለች፤ ግልገሏ ኮቴዋ ያረፈበትን እየጠበቀ ይከተላል። አንድ ስፍራ ላይ ግልገሉ ፈርቶ ቆመ። እናቲቱ አልተመለሰችም፤ ግን አልሄደችም። ዞራ እያየችው ቆመች። ግልገሉም ዘለለ። ልጅ ያሳደገች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች።

አሁን ነገሩን በፍየል አርቢ ዓይን እንመልከተው። ዋልያ የምታረግዘው እንደ ቤት ፍየል አምስት ወር ገደማ ነው። አብዛኛው ወሊድ የሚውለው ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ለምለም በሚሆንበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። የቤት ፍየል መንታ መውለዷ የተለመደ ሲሆን፣ ዋልያ ግን በአብዛኛው የምትወልደው አንድ ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ብትገደል ምን ያህል እንደሚጎድል እርስዎ ያስሉት።

ስሌቱም ቀላል አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲቋቋም ዋልያዎቹ ከጥቂት መቶ አይበልጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከብዙ ጥረት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። የዋልያውም ቁጥር አድጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ቆጠራ ግን ወደ 300 ገደማ ወርዶ ተገኘ። ሕገ ወጥ አደን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ሌላው ምክንያት ከጓዳችን የራቀ አይደለም። የስሜን እናት ጎጆዋን የምትከድነው በጓሳ፣ ምድጃዋን የምታነደው በአስታ እንጨት ነው፤ በግና ፍየሏም በዚያው ሜዳ ይግጣሉ። ሜዳው ሲጣበብ ዋልያ ወደ ገደሉ ይገፋል። ይህን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። አባቶቿ ከተቀበሩበት መንደር ምድጃዋን ነቅላ ከተማ የገባችን እናት ሳናስብ ዋልያን ብቻ ማድነቅ ተገቢ አይመስለኝም። ለዋልያው መኖር ከማናችንም በላይ ዋጋ የከፈለችው እርሷ ናት። የእርሷ ኑሮ ካልተቃና የዋልያውም ዕድሜ አይረዝምም።

እርስዎም ሊያዩት ቢወዱ፣ በቅድሚያ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከደባርቅ ጠይቀው ይረዱ። ለልጆች ወፍራም ሹራብና ኮፍያ፣ ብዙ ውሃ ይያዙ። ከፍታው ራስ ያሳምማልና በመጀመሪያው ቀን አያስሮጧቸው። ማለዳ ይውጡ፤ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ከጥበቃው አይለዩ። እናትና ግልገል ካዩ ካሉበት ሆነው በመነጽር ይመልከቱ እንጂ አይጠጉ፤ ስትደነግጥ የምትሸሸው ወደ ገደሉ ነውና። ምግብም አይጣሉላቸው። በቀንዱ የተሠራ ዋንጫ ቢያቀርቡልዎ አይግዙ፤ ገዥ ከሌለ አዳኝም አይበረታም።

መሄድ የማይሆንልዎ ከሆነም አይዘኑ። ልጅዎ «ዋልያ ምንድን ነው?» ሲልዎ ወደ ፍየል ተራው ወይም ወደ ጓሮዎ ይውሰዱት። ወጠጤውን ያሳዩትና፣ «ቀንዱን አንድ ሜትር አድርገው፤ ሜዳውን ገደል አድርገው፤ መንታውንም አንድ አድርገው» ይበሉት። ያን ጊዜ በማልያው ላይ ያለው ስም የማን እንደ ሆነ፣ ለምንም ልንጠብቀው እንደሚገባ ይገባዋል።