ለልጃችን የኤሌክትሪክ ባጃጅ እንግዛለት?

በእኛ መርሳ ሥራ ላጣ ወጣት ቶሎ የሚታሰብለት ባጃጅ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አረብ አገር በሰው ቤት ከምትሠራ እህቱ ነው፤ የጎደለው በሬ ተሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ይሞላል። ዘንድሮ በእኛ ቤተሰብ የተነሣው ክርክር "የቤንዚን ይሁን የኤሌክትሪክ?" የሚል ነበር።

እኔ ለኤሌክትሪኩ አደላለሁ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚን ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ሲጠፋ በየመንገዱ በሃይላንድ እየተቀዳ በእጥፍ ይሸጣል። ጭሱስ? የሕፃን ልጅ አፍንጫ ለጭስ ማውጫው ከእኛ ይልቅ ቅርብ ነው።

ይሁንና "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላልና ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መብራት ነው። ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ያለ መብራት መክረሙን አንረሳም። መብራት በጠፋ ቀን ባጃጁም ይቆማል። ስለዚህ ብድር ያለበት ቤተሰብ ገቢ የማይገባባቸውን ቀናት አስቀድሞ ያስላ።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲገዙት ይረክሳል፤ ነገር ግን ከሊቲየሙ ይልቅ ይከብዳል፣ ቶሎም ይደክማል። ሙቀትና ዳገት ደግሞ ማንኛውንም ባትሪ ይፈትናሉ። በከተማው ውስጥ ሲመላለስ የሚውልና ወደ ስሪንቃ ሰው ጭኖ የሚወጣ ባጃጅ እኩል አይጓዙም። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የመለወጫ ባትሪውን ዋጋ እና ወልዲያ ወይም ደሴ ላይ የሚጠግነው ሰው መኖሩን ጠይቁ።

ሦስተኛው የቤታችን ደኅንነት ነው። ባትሪ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ወይም መውጫ በር ሥር አይሞላም። በቀጭን ገመድ ከጎረቤት መሳብም እሳት መጥራት ነው። ኤሌክትሪሻን መስመሩን ይየው፤ ቻርጀሩም ከባጃጁ ጋር የመጣው ይሁን። ከሥራ የገባ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ አይሰካ።

እኛ ቤት ውሳኔው ይኸው ሆነ፤ የቤቱ መስመር ሳይታይና የባትሪው ዋስትና በእጃችን ሳይገባ እህቱ የላከችው ገንዘብ ከባንክ አይወጣም። ልጁ ቅር ቢለውም ተስማምቷል።

ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት ከተማችንን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ልጆቻችን መንገድ ሲሻገሩ የሞተር ድምፅ መስማት ለምደዋል፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ግን ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የልጅ ልጃችሁን እጅ ይዛችሁ ስትሻገሩ ቆም ብሎ ግራና ቀኝ በዓይኑ እንዲያይ ከአሁኑ አስለምዱት።