በጋምቤላ ስለ ጤና ሠራተኞችና ስለ መካሪዎቻቸው

ዕውቀት ከመጽሐፍ ይገኛል፤ ሙያ ግን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ይተላለፋል። የዜማ ተማሪ ምልክቱን በብራናው ላይ ቢያየው እንኳ፥ መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ ስሕተቱን ካላረመው መሪጌታ ሊሆን አይችልም። የሕክምናም ሙያ እንደዚሁ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሩቅ ጤና ጣቢያ የተላከ ወጣት፥ የሚመክረውና የሚያርመው ታላቅ ያላገኘ እንደ ሆነ፥ የተማረው ቀስ በቀስ ይጠፋበታል፤ ጕዳቱም በበሽተኛው ላይ ይወድቃል።

ይህ ምክር እጅግ ከሚያስፈልግባቸው አገሮች አንዱ ጋምቤላ ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ስለ ተፈቀደ፥ ከተማይቱ የወንዝ ወደብ ሆና ኖራለች። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከጎሬ ደጋ ወደ እርስዋ ለሚወርድ ሰው አየሩም ቋንቋውም ልማዱም ይለወጥበታል። በክልሉ አኝዋሃ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከደጋ የሚመጣው ሐኪም የወባን ነገር ጠንቅቆ ቢያውቅም፥ በሽተኛው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚገልጽ፥ በቤቱስ የማን ምክር እንደሚሰማ አያውቅም። የአገሩ ልጅ የሆነው ነርስ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን አስቸጋሪ ምጥና ከባድ ሕመም ከዐዋቂ ጋራ ሆኖ ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ አንዱ የጐደለው በሌላው ዘንድ ይገኛል።

የዚህን እውነት የጊኒ ዎርም በሽታ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ትል ያልተጣራ የኩሬ ውሃ በመጠጣት ወደ ሰው ገብቶ፥ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ቆዳ በስቶ ይወጣል፤ የሚያድን መድኃኒትም የሚከላከል ክትባትም የለውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በዓለም ሁሉ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይያዙበት ነበር፤ በ2023 የተያዙት ግን 14 ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ በሽታውን የማጥፋት ሥራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ እስከ ቅርብ ዓመታት የቀረው በጋምቤላ፥ ይልቁንም በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች ነበር። ውሃን በጨርቅ ማጣራትና ትል የወጣበትን ሰው ወደ ውሃ እንዳይገባ መጠበቅ የባለሙያው ትምህርት ነው። ነገር ግን አዳኙ፥ ዓሣ አጥማጁና ማር ቆራጩ በጫካ ውስጥ ከየትኛው ኩሬ እንደሚጠጡ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚያስተምር ሰው ቢኖር፥ ጨርቁ በቤት ተሰቅሎ ይቀራል፤ አዳኙም ከጫካው ኩሬ ይጠጣል።

ስለዚህ መካሪ ሆኖ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሐኪም አስቀድሞ ተማሪ ሊሆን ይገባዋል። መዝገብ አይቶ፥ ጕድለት ጽፎ በማግሥቱ መመለስ ቍጥጥር ይባላል እንጂ ምክር አይባልም። የአገሩን ቋንቋ ጥቂት እንኳ ይማር፤ ወጣቱንም በበሽተኛ ፊት አይንቀፈው፥ የተነቀፈ ነርስ በሕዝቡ ዘንድ አይታመንምና። ወጣቱም በበኩሉ ያልገባውን መጠየቅ እንደ ነውር አይቍጠረው።

ሹማምንት ለመካሪው ማደሪያና መጓጓዣ ያዘጋጁለት፤ ክረምት ሳይገባ ይላኩት፤ ፍሬው ሳይታይም አያዛውሩት። ጠብ በተነሣ ጊዜ የጤና ሠራተኛ ወደ ሌላው ወገን መንደር መሄድ ያስፈራዋል፤ በዚህ ጊዜ ካህናትና ሽማግሌዎች በሽተኛ ወገን እንደሌለው ለሕዝቡ ማስተማር ይገባቸዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞችን ከየቀበሌው መርጦ ማሠልጠኑ መልካም መሠረት ነው፤ ነገር ግን መሠረት ግድግዳ የሚሠራበት ካላገኘ ዝናም ያጥበዋል።

የመካሪው ሥራ የሚመዘነው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። በክረምት ባሮ ሞልቶ መንገድ በተቋረጠ ጊዜ፥ በኢታንግ ሜዳ ምጥ የያዛት እናት የምታገኘው የሩቁን ሐኪም ሳይሆን፥ እርሱ ያስተማረውን የአገርዋን ልጅ እጅ ነው። ያ እጅ ሳይንቀጠቀጥ የረዳት እንደ ሆነ፥ የመካሪው ድካም ፍሬ አፍርቷል።